ሰዎቹን አውርደው ወፍጮውን ያስቀሩ ገበሬዎች

ግራንድ ፎርክስ፣ ሰሜን ዳኮታ። ከሚኒሶታ የሚለያት አንድ ወንዝ ብቻ ነው። ከከተማዋ ሰሜን ጫፍ ያለው ትልቅ ወፍጮ ቤት ዱቄት ልጭን ገብቼ ወረቀቴ እስኪያልቅ ስጠብቅ፣ ስንዴ ጭኖ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ አማረርን። ወሬው ሲያልቅብኝ “ይሄ ወፍጮ የየትኛው ኩባንያ ነው?” አልኩት።

“የኩባንያ አይደለም፤ የስቴቱ ነው” አለኝ።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዱቄት ፋብሪካ? ያውም ሪፐብሊካን ያልሆነ ሰው ገዢ ሆኖ ከተመረጠ ዘመን በቆጠረ ስቴት? ሰውዬው ግን እንግዳ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ባንክም አለን ብሎ ጨመረልኝ፤ እሱም የስቴቱ፣ ዋና ከተማው ቢስማርክ።

ማታ እየነዳሁ እንደ ልማዳችን የስልክ ኮንፈረንስ ላይ ገባሁና ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። መስመሩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎጃሜ አሉ፤ በደርግ ጊዜ አባታቸው የእህል ኮታ ሲያስረክቡ አህያ እየነዱ የተከተሉ ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተውኝ፣ “ለመሆኑ ኮታው ስንት ኩንታል ነው?” ብለው ጠየቁኝ። መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ አለፈ፣ ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። እኛ የምናውቀው መንግሥት እህል ውስጥ እጁን ሲያስገባ ገበሬው ሲያለቅስ ነው። ዋጋው ከላይ ተቆርጦ ይመጣል፣ ከጎተራው ይጠረጋል፣ የዘር እንኳ ሳይቀረው ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን የሞላ ገበሬ ብዙ ነው። እዚህ ግን ኮታ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውዬው ስንዴውን ደስ ካለው ለሌላ ይሸጣል። ጭራሽ መንግሥትን ጎትቶ ወደ እህል ንግድ ያስገባው ገበሬው ራሱ ነው። ይህን የሚያህል ሥራ የሠሩት ደግሞ በተደራጁ በአራት ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ መኝታ ላይ ስሆን ስለ እነሱ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሚዛኑ በማን እጅ ነው

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሰሜን ዳኮታ ገበሬ ስንዴውን የሚያስረክበው ከሐዲድ ዳር ለቆመ ኤሌቬተር ለሚባል ትልቅ ጎተራ ነበር። ጎተራው ሚኒሶታ ያለችው የሚኒያፖሊስ ከተማ ነጋዴዎች ነው፤ ባቡሩም የእነሱ ወዳጆች። ስንዴው የሚሸጠው የሚኒያፖሊስ ንግድ ምክር ቤት የሚባለው የእህል ገበያ ውስጥ ሲሆን፣ ዋጋውን የሚወስነው ደረጃው ነው፤ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እየተባለ። ደረጃውን የሚያወጣው ማን ነው? ስንዴውን የሚገዛው ነጋዴ።

ሌላም ነገር አለ። ስንዴው ይነፋና የአረም ፍሬው፣ ገለባው፣ ቆሻሻው ተገምቶ ከሚዛኑ ይቀነሳል። ተገቢ ነው፤ ማን ቆሻሻ ይገዛል? ግን የተቀነሰውን ለገበሬው አይመልሱለትም፤ ለከብት መኖ ይሸጡታል። የባቡሩን ኪራይ ደግሞ ከነቆሻሻው የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ አንድ ሂሳብ ነው። ከ1910 እስከ 1912 ባሉት ሁለት ዓመታት የሚኒያፖሊስ ጎተራዎች ቁጥር አንድ ብለው ከገበሬ የተረከቡት ስንዴ ከ15 ሚሊዮን ቡሼል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ቁጥር አንድ ብለው የሸጡት ግን ወደ 20 ሚሊዮን ቡሼል ይጠጋል። አንድ ቡሼል 60 ፓውንድ ነው። ጎተራ ውስጥ ስንዴ አይወልድም። ሲገዛ ቁጥር ሁለትና ሦስት የነበረው ተደባልቆ፣ ተበጥሮ፣ ሲሸጥ ቁጥር አንድ ሆኗል። ነጋዴዎቹ ማደባለቅም ሙያ ነው ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ግን የሙያው ትርፍ ሁሉ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቀረ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የምንለው ይህን ዓይነቱን ነው። እነዚህ ግን ሞኞች አልነበሩም፤ ስንዴያቸው ምን እንደሚያወጣ ያውቃሉ። ባያውቁ እንኳ የሚነግራቸው ነበር፤ ፋርጎ በሚገኘው የስቴቱ የእርሻ ኮሌጅ ኤድዊን ላድ የሚባል ኬሚስት “የከብት መኖ” ተብሎ በርካሽ የተገዛውን የ1916 ስንዴ ራሱ አስፈጭቶ፣ ጋግሮ፣ ደህና ዳቦ እንደሚወጣው አሳየ። የገበሬው ቅሬታ ቁጥር ያገኘው ያኔ ነው።

እንደ ሹፌር ሚዛን ላይ መውጣት ለእኔ የየቀኑ ሥራ ነው። ባዶህን ትመዘናለህ፣ ጭነህ ትመዘናለህ፣ ካልተማመንክ ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው ካት ስኬል ላይ ወጥተህ በገንዘብህ ትመዘናለህ። ከገዢውም ከሻጩም ያልሆነ ሦስተኛ ሚዛን አለ ማለት ነው። የእነዚያ ገበሬዎች ጥያቄ ሲጨመቅ ይኸው ነው። የራሳችን ጎተራ ይሠራልን፣ የራሳችን ወፍጮ ይኑረን፣ ነጋዴው ልክ የማይሰጠን ከሆነ የምንሄድበት ሌላ በር ይኑር። በ1912 እና በ1914 በሕዝብ ድምፅ ስቴቱ ጎተራ እንዲሠራ የሚፈቅድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። በ1915 መጀመሪያ ምክር ቤቱ አልሠራም አለ። የዚያን ሰሞን ቢስማርክ ለስብሰባ የተሰባሰቡ ገበሬዎችን አንድ የምክር ቤት አባል “ቤታችሁ ሂዱና አሳማዎቻችሁን ቀልቡ” አላቸው ተብሎ ተወራ። ሰውዬው አላልኩም ብሎ ክዷል። ብሎም ከሆነ፣ ሳይልም ከሆነ፣ ወሬው ከንግግሩ የበለጠ ሥራ ሠራ።

ፎርድ መኪናና የበልግ ቼክ

አርተር ታውንሊ የሚባል ሰው አለ። ከስቴቱ ምዕራብ ጫፍ ቢች በምትባል ከተማ አካባቢ ተልባ በሰፊው ዘርቶ፣ በብድር ማሽን ገዝቶ፣ በ1912 ዝናቡም ዋጋውም ከድተውት ኪሳራ ላይ የወደቀ ገበሬ ነው። በኋላ ለሶሻሊስት ፓርቲ አደራጅ ሆነ። እዚያም አልተስማሙም። አንድ ነገር ግን ተምሮ ወጣ፤ ገበሬው የሶሻሊስቶቹን ፕሮግራም ይወዳል፣ ሶሻሊስት መባልን ግን አይወድም።

በ1915 ክረምት ዲሪንግ የምትባል መንደር አጠገብ ፍሬድ ውድ የሚባል የተከበረ ገበሬ ቤት ገባና ሐሳቡን ዘረጋለት። ኖንፓርቲሳን ሊግ የተባለው ማኅበር፣ ከየትኛውም ፓርቲ ያልወገነ ለማለት ነው፣ ከዚያ ቤት ወጣ። አዲስ ፓርቲ አናቋቁም፤ ሪፐብሊካኑ ፓርቲ ውስጥ ገብተን በቅድመ ምርጫው የራሳችንን ሰው እናስመርጥ፣ አለ። ስቴቱ የቅድመ ምርጫ ሕግ ስለነበረው ዕጩ የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ነው፤ ሆቴል ቁጭ ብሎ ዕጩ የሚያድለው የድሮ ጌታ በር ተሰብሯል ማለት ነው። ያንን በር ከታውንሊ በፊት በደንብ ያየው አልነበረም።

አደረጃጀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ከወፍጮው እኩል የደነቀኝ እሱ ነው። ታውንሊ ፎርድ መኪና እየገዛ ለአደራጆቹ አደለ። በዚያ ሜዳ ላይ ከገበሬ ቤት እስከ ገበሬ ቤት ያለው ርቀት ሩቅ ነው፤ በፈረስ የሚዞር ሰው ምርጫው ሳይደርስ አያዳርሰውም። አደራጁ ግን ብቻውን አይሄድም። ከአካባቢው አንድ የሚታመን ገበሬ ይጨምርና የሚቀጥለውን ቤት በር የሚያንኳኳው ጎረቤቱ ነው። እንግዳ ሰው ገንዘብ አምጣ ቢል ውሻ ይለቀቅበታል፤ ጎረቤት ሲመጣ ቡና ይፈላል።

መዋጮው መጀመሪያ 2 ዶላር ከ50 ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ 6፣ ከዚያ 9 ሆነ። ለዚያ ጊዜ ገበሬ ቀላል ገንዘብ አይደለም። “ክፈልና ያዝበት” ነበር የታውንሊ ብልሃት፤ ዘጠኝ ዶላር የከፈለ ሰው ማኅበሩን ጥሎ አይሄድም፣ ገንዘቡ አለበትና። ጥሬ ገንዘብ የለኝም ለሚል ደግሞ የበልግ ቼክ ይቀበሉታል፤ ማለትም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለ ቀን ተጽፎበት ዛሬ የሚፈረም ቼክ። ገበሬው ገና ያልታጨደ ስንዴውን አስይዞ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ባላንጣዎቻቸው በዚህ ቼክ እስኪበቃቸው ቀልደውበታል፤ ግን በ1916 አጋማሽ የሊጉ አባላት ወደ 40 ሺህ ይጠጉ ነበር።

ለገዢነት ያቀረቡት ሊን ፍሬዚየርን ነው። ሁፕል ከምትባል መንደር የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ በተማሪነቱ የእግር ኳሳቸው ቡድን አምበል የነበረ፣ ፖለቲካ ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ራሰ በራ ገበሬ። በ1916 ከአምስት መራጭ አራቱ ገደማ መረጡት። የላይኛውን ምክር ቤት ለመያዝ እስከ 1918 መጠበቅ ነበረባቸው፤ ከያዙ በኋላ ግን አላንቀላፉም። በ1919 በአንድ የምክር ቤት ዘመን የስቴቱን ባንክ፣ የወፍጮና የጎተራ ድርጅት፣ የበረዶ መድን፣ ከፍ እያለ የሚሄድ የገቢ ግብር፣ የሠራተኛ የጉዳት ካሣ፣ ቤት ሠሪ ድርጅት አቋቋሙ። የሁሉም የበላይ የሦስት ሰው ኮሚሽን ሆነ፦ ገዢው፣ ዋናው ዐቃቤ ሕግ፣ የእርሻና የሠራተኛ ኮሚሽነሩ። ባንኩ በዚያው ዓመት ጁላይ 28 በ2 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ሥራ ጀመረ። ግብር ከፋዮች ከስሰው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ1920 ስቴቱ ይህን ማድረግ ይችላል አለ።

ኦክቶበር 28 ቀን 1921

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልቆ የስንዴ ዋጋ ወደቀ። ከሁለት ዶላር በላይ የነበረው ቡሼል በ1921 ግማሹን እንኳ ማምጣት አቃተው። የስቴቱ ባንክ ቦንድ ሲያወጣ ትልልቆቹ የቦንድ ነጋዴዎች አንገዛም አሉት፤ ወፍጮው ተጀምሮ ገንዘብ አጥቶ ቆመ። በ1920 ደግሞ ተቃዋሚዎቹ በሕዝብ ድምፅ አንድ ሕግ አስወጡ፦ ወረዳዎችና ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን በስቴቱ ባንክ ማስቀመጥ ግዴታቸው አይደለም። ሁሉም ገንዘቡን ለማውጣት ተንጋጋ። ባንኩም ገንዘቡን ያስቀመጠው በየገጠሩ ባሉ ትንንሽ ባንኮች ስለነበር ከእነሱ መሰብሰብ ጀመረ፤ እነሱም አበዳሪነታቸው ለገበሬ ነው፣ ገበሬው ደግሞ ባዶ ኪስ ነው። ባንኮች መዘጋት ጀመሩ።

የሊጉም ሰዎች ከደሙ ንጹህ አልነበሩም። ዋናው ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ሌምኪ ፋርጎ ውስጥ የስቴቱ ቤት ሠሪ ድርጅት ቤት ሠራለት፤ ቤቱ ሕጉ ከፈቀደው ጣሪያ በላይ ወጣበት። ብድር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም፣ ሌምኪም ገንዘብ ወዳድ የሚባል ሰው አልነበረም። ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ይዘን ላደግን ሰዎች ይህ ወሬ መንደር ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ አይነገረንም። ሕጉን የጻፈ ሰው ሕጉን ሲያልፍ ማየት ዘጠኝ ዶላሩን በበልግ ቼክ ለከፈለ ገበሬ አይዋጥም።

ሹም ከዘመኑ በፊት በሕዝብ ድምፅ የሚወርድበት አዲስ ሕግ ስቴቱ ነበረው። ተቃዋሚዎቹ ፊርማ አሰባሰቡና ኦክቶበር 28 ቀን 1921 ሦስቱም የኮሚሽኑ አባላት፣ ፍሬዚየር፣ ሌምኪና ኮሚሽነሩ ጆን ሄገን፣ ለሕዝብ ውሳኔ ቀረቡ። ፍሬዚየር ወደ 4 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ተሸነፈ። በአሜሪካ ታሪክ ከሥልጣኑ በሕዝብ ድምፅ ወርዶ የተነሳ የመጀመሪያው ገዢ ሆነ፤ ሁለተኛው እስኪገኝ እስከ 2003 የካሊፎርኒያው ምርጫ 82 ዓመት ተቆጥሯል።

እስከዚህ ድረስ የሚታወቅ ዓይነት ታሪክ ነው፤ ወጡ፣ ተመኩ፣ ወደቁ። ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ሌላ ጥያቄም ነበር። ባንኩ ይፍረስ? የሊጉ ፕሮግራም ይበተን? ሕዝቡ አይሆንም አለ። ሰዎቹን አወረደ፣ ሥራቸውን አስቀረ።

ይህን ሳነብ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ነበር፤ ተነስቼ ወርጄ ግቢውን ዞርኩ። አንድ ሰው በአንድ እስክሪብቶ “አንተ ውጣ፣ ወፍጮህን ግን ተወው” ብሎ ሲጽፍ ምን እያሰበ ነው? አንዳንዱ ሂሳብ አስልቶ ይሆናል፤ ወፍጮው ግማሽ ድረስ ተሠርቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ማፍረስ ኪሳራ ነው። አንዳንዱ ተቃዋሚዎቹ ያቀረቡትን ዕጩ አምኗል፤ ራግንቫልድ ኔስቶስ የኖርዌይ ተወላጅ ጠበቃ ነው፣ ድርጅቶቹን በአግባቡ እሞክራቸዋለሁ ብሎ ነበር። ግን ይበልጥ የማምነው ይህን ነው፦ እነዚያ ሰዎች ወፍጮውን የፍሬዚየር ብለው አያውቁም። ገና ከ1912 ጀምሮ ድምፅ የሰጡበት የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ፍሬዚየር የመጣው በኋላ፣ ለሥራው ተቀጥሮ ነው። የተቀጠረ ሰው ይባረራል።

እኛ ቤት ይህ መቼ ታየ? እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ሰውየው ሲወድቅ ሥራውም አብሮ ሲወድቅ ነው። የታፔላው ስም ይቀየራል፣ ድርጅቱ ይፈርሳል፣ የቀድሞው የተከለውን ችግኝ ውሃ የሚያጠጣ ይጠፋል። ሥራውን ለማዳን የፈለገ ሰውዬውንም ጭምር መደገፍ አለበት፤ ሰውዬውን የጠላ ሥራውንም ማውገዝ አለበት። ሁለቱን የሚነጥል ወረቀት ማንም ሰጥቶን አያውቅም፤ ቢሰጠንስ እንነጥላቸው ነበር ወይ የሚለውን ለጊዜው ልተወው።

የኔስቶስ መንግሥት ቃሉን ጠብቆ ወፍጮውን ጨረሰው፤ በኦክቶበር 1922 መፍጨት ጀመረ። ወፍጮውን ያስጀመረው ሊግ፣ የከፈተው ባላጋራው። ታሪኩን የበለጠ የሚያጣፍጠው ደግሞ በዚያው 1922 ሕዝቡ ያወረደውን ፍሬዚየርን መልሶ ለአሜሪካ ሴኔት መርጦ ላከው። 18 ዓመት ተቀመጠ። ኬሚስቱ ላድ ቀድሞት በ1920 በሊጉ ድጋፍ ሴናተር ሆኖ ነበር፤ ዳቦ የጋገረው ሰውና የተባረረው ገዢ ለጥቂት ዓመታት አንድ ስቴት ወክለው አብረው ተቀመጡ።

ታውንሊ ግን ተመልሶ አልተነሳም። የሚኒሶታ ፍርድ ቤት በጦርነቱ ጊዜ ሰውን ከውትድርና አሰናክለሃል ብሎ የፈረደበትን 90 ቀን እስር ለመፈጸም የገባው ልክ በኖቬምበር 1921፣ ምርጫው በተሸነፈ ሰሞን ነው። ማኅበሩ በ13 ስቴቶች ከ200 ሺህ በላይ አባል ነበረው፤ ገበሬው ግን ገንዘብ አጥቶ የበልግ ቼኩ ሳይመነዘር መቅረት ጀመረ።

ወንዙን ሲሻገር

ሚኒሶታ ውስጥ ሊጉ ሌላ መልክ ያዘ። እኔ የምኖረው እዚህ ስለሆነ ስሙን በየምርጫው አየዋለሁ፤ በዚህ ስቴት ዴሞክራት ፓርቲ የሚባል የለም፣ ዴሞክራቲክ ፋርመር ሌበር ነው ያለው። ለዓመታት አንድም ቀን ለምን ብዬ ሳልጠይቅ አጥቁሬ ወጥቻለሁ።

ከወንዙ ወዲህ ገበሬ ብቻውን አይበቃም፤ ሚኒያፖሊስ፣ ሴንት ፖልና የሰሜኑ ብረት ማዕድን ሠራተኛ አለ። በ1918 ሊጉ ለገዢነት የደገፈው ቻርልስ ሊንድበርግን ነው፤ የአውሮፕላን አብራሪው የሊንድበርግ አባት። ጦርነቱን ተቃውሟል ተብሎ በየሄደበት አመፅ ተነሣበት፣ በእሱ አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት በገመድ ተሰቀለ፣ ሊጉን የሚያደራጁ ሰዎች ተደበደቡ፣ ሬንጅ ተቀብተው ላባ ተነሰነሰባቸው። በቅድመ ምርጫው ተሸነፈ። ሪፐብሊካኑ ውስጥ ሰርጎ የመግባቱ መንገድ እዚህ አልሠራላቸውምና በዚያው ዓመት መጸው ገበሬና ሠራተኛ በሚል በራሳቸው ስም ለውድድር ቀረቡ። በ1922 ሄንሪክ ሺፕስቴድ የሚባል የጥርስ ሐኪም በዚህ ስም ሴናተር ሆነ። በ1930 ፍሎይድ ኦልሰን ገዢ ሆኖ ተመረጠ።

ከሰሜን ሚኒያፖሊስ ስወጣ በስሙ በተሰየመው መንገድ ነው የምሄደው፤ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። ድሃ ሰፈር ያደገ፣ ከአይሁድ ጎረቤቶቹ ይዲሽ የተማረ፣ ሲናገር ሰው የሚያስለቅስ ጠበቃ ነበር ይሉታል። በ1933 የገበሬው መሬት በዕዳ ለሐራጅ እንዳይወጣ የሚያዘገይ ሕግ አወጣ፤ የገቢ ግብርም በዚያው ዓመት ነው የተጀመረው።

እንደ ሹፌር ግን እኔን የያዘኝ የ1934ቱ የሚኒያፖሊስ ጭነት መኪና ሹፌሮች አድማ ነው። ጁላይ 20 ቀን ፖሊስ በአድመኞቹ ላይ ተኩሶ 67 ሰው ቆሰለ፣ ሁለቱ ሞቱ። ኦልሰን ወታደር አስገባ፤ ሁለቱም ወገን ተቀየመው። አድማውን ለሳምንታት ያቆየው ምግብ ነው። አድመኛው የከተማውን ጭነት ሁሉ ሲያቆም የገበሬውም አትክልት መንገድ ላይ ሊበሰብስ ነው፤ ሊጣሉ ይገባ ነበር። የአድማው መሪዎች ግን ለገበሬዎቹ የሚሸጡበት መንገድ አመቻቹላቸው፣ የገበሬ ማኅበራት ደግሞ ለአድመኛው ወጥ ቤት ምግብ ሰጡ። የገበሬና የሠራተኛ አንድነት የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የመፈክር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን ከድንችና ከጎመን ጋር ድስት ውስጥ ገብቷል።

ኦልሰን በ1936 ገና በ44 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት ለገዢነት የተወዳደረው የፓርቲው ሰው ኤልመር ቤንሰን በሰፊ ልዩነት ተመርጦ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰፊ ልዩነት ወደቀ። እርስ በርስ መባላቱ ከዚያ ወዲህ አላቆመም፤ በ1944 ከዴሞክራቶቹ ጋር ተዋሃዱ። ውህደቱ ብልህነት ነበር የሚሉ አሉ፣ ቀብር ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ሚኒሶታ ስሙን አስቀረች፤ ሰሜን ዳኮታ ወፍጮውን። ምረጥ ብትሉኝ ወፍጮውን እመርጣለሁ።

ሦስቱ ወንበሮች ዛሬ

በ1921 ሕዝብ የነቀላቸው ሦስት ሹማምንት የተቀመጡበት ኮሚሽን አልፈረሰም። ዛሬም ገዢው፣ ዋናው ዐቃቤ ሕግና የእርሻ ኮሚሽነሩ ቁጭ ብለው የባንኩንና የወፍጮውን ጉዳይ ይወስናሉ፤ ሦስቱም ሪፐብሊካን። ስለ ሶሻሊዝም አደጋ ንግግር አድርገው፣ ከንግግሩ ወርደው የመንግሥት ባንክ ቦርድ ይመራሉ። ይህን እንደ ግብዝነት የሚያዩት አሉ፤ እኔ አላየውም። አያቶቻቸው ድምፅ ሰጥተው ያስቀሩትን ንብረት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው።

የድሮው መንፈስ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። በ1932 ሕዝቡ በድምፁ ኩባንያዎች የእርሻ መሬት እንዳይዙ ከልክሎ ነበር። ምክር ቤቱ ለወተት ከብትና ለአሳማ እርባታ ብሎ ሕጉን ሲያላላ፣ ገበሬዎቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በጁን 2016 ወደ ሕዝብ ድምፅ ወሰዱት። 76 በመቶው መራጭ አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ይኸው ስቴት ትራምፕን በሰፊ ልዩነት መረጠ። በ2023 ምክር ቤቱ እንደገና ለእንስሳት እርባታ በሩን ከፈተ።

ወፍጮው ደግሞ በአገሪቱ ካሉት ከትልልቆቹ አንዱ ሆኗል። ከትርፉ ከፊሉ ወደ ስቴቱ ካዝና ይገባል፤ ምን ያህሉ ይግባ፣ ምን ያህሉ ለማስፋፊያ ይቅር የሚለው አሁንም ቢስማርክ ላይ የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው።